ከሰንበት በፊት የተመረቀው ትሮምቦን

ባለፈው ሳምንት እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ፣ ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክኬ የአንድ ያገለገለ ትሮምቦን ሳጥን ስከፍት፣ ከውስጡ የወጣው ሽታ እዚያው በጉልበቴ አስቀረኝ። የነሐስ ነው፣ የማለስለሻ ዘይት ነው፣ ብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረ የከፋይ ጨርቅ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያሸተው መስኮት ክፈቱ ይላል፣ እኔ ግን አፍንጫዬን ይበልጥ አስጠጋሁ። ጎረቤቴ ሁለት ትሮምቦን ለሙከራ ይዞ መጥቶ፣ «የሙዚቃ መምህርት አይደለሽ? ለልጄ የሚሆናትን አንቺ ለይልኝ» ብሎኝ ነበር። ልጅቱ የጀማሪዎቹን ትሮምቦን ጨርሳ ወደ መካከለኛው ደረጃ ልትሸጋገር ነው። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ እሷ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፣ «አባ፣ ይኼኛው ይከብዳል፣ አልፈልገውም፣ ዳይ፣ በቃ!» አለችው። አባቷ ሳቀ። እኔ ግን እንደ ድሮ ሴትዮ ደነገጥሁ፤ «ዝም በይ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ በዚችው ሀደራ፣ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ለመናገር ሙሉ የዓርብ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ያ ዓርብ ደግሞ ዛሬም ከውስጤ አልወጣም።

ያኔ የምንኖረው ቤት ኤሊዔዘር በሚባል የሀደራ ሰፈር ነበር፣ ግድግዳው በክረምት ላብ በሚያልበው አንድ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ። በረንዳችን ላይ በርበሬ ይሰጣል፣ ልብስ ይሰጣል፣ እኔም ሌላ ቦታ ስለሌለ እዚያው ቆሜ ትሮምቦን እነፋለሁ። ቧንቧውን ስዘረጋው የጎን ጎረቤታችን ልብስ ጋ ስለሚደርስ፣ ሴትዮዋ ሳጥኔ ሲከፈት በሰማች ቁጥር አንሶላዋን ትሰበስብ ነበር። እናቴ ድምፁን በሬ ጠፍቶበት የሚጣራ ሰው ነው ትለዋለች። አባቴ ግን ረጅም፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር፤ ከፍራፍሬ ማሸጊያው ሲመለስ እጁ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል፣ ወንበሩን ወደ በረንዳው በር ያስጠጋና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እስክጨርስ ይሰማኛል። በምንም ነገር አማርጦኝ አያውቅም። ጫማዬን እሱ ይመርጣል፣ መንገዱን እሱ ይመራል፣ እኔ ከኋላው እሄዳለሁ፤ በዚያ ሰፊ ጀርባ ጥላ ውስጥ መሄድ ደግሞ እንዴት ደስ ይል ነበር!

ትሮምቦን ጣት የሚደረደርበት ቁልፍ የለውም፤ ድምፁን የሚለውጠው ክንድ ነው፣ ቧንቧውን እየሳበና እየገፋ። ዝቅ ያለው ድምፅ የሚገኘው ክንድ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ነው፣ የእኔ ክንድ ደግሞ አጭር ነበር። ለዚህ ነው ከመካከለኛ ደረጃ ትሮምቦኖች ብዙዎቹ ላይ በግራ አውራ ጣት የሚጫን ቫልቭ የሚገጠመው፤ እሱ ካለ ሩቁ ድምፅ ቅርብ ይመጣል። አስተማሪዬ፣ በዕብራይስጥ ሞሬ፣ መምህር፣ ግሪሻ የምንለው፣ ከሩሲያ የመጣ፣ ዕብራይስጡ ከአባቴ ዕብራይስጥ ብዙም የማይሻል ሰው፣ ነገሩን አስረግጦ ነገረኝ። ከትምህርት ቤቱ የተዋስሁት የጀማሪ ትሮምቦን ዓርብ ጠዋት ተመልሶ ለሌላ ልጅ ይሰጣል፣ እሑድ ጠዋት ለወጣቶች ኦርኬስትራ ፈተና አለ፣ የፈተናው ዜማ ደግሞ እታች ድረስ ይወርዳል። «ለአባትሽ ንገሪው» አለኝ፤ «ቫልቭ ያለው ይሁን። ቫልቭ ከሌለው እሑድ አትምጪ።»

«ለአባትሽ ንገሪው» ማለት ለሱ ቀላል ነው። በኛ ቤት ልጅ የሚፈልገውን ለአባቱ በቀጥታ አይናገርም፤ ለእናቱ ይናገራል፣ እናት ጊዜ ጠብቃ፣ አለስልሳ ታደርሳለች። እናቴ ልብስ ስታጣጥፍ ነገርኋት፤ እሷም አባቴን እራት ካበላችው በኋላ ነገረችው፤ ቫልቩ ግን በልብሱና በእራቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ቀረ። ለአባቴ የደረሰው «ከሁሉ የበለጠው ይሁን ተብሏል» የሚል ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሦስት ሆነን ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ወጣን። ትልቅ ዕቃ ወደ ቤታችን ከመግባቱ በፊት የአባቴ አጎት፣ የቤተ እስራኤሉ ቄስ፣ አይተው ይመርቁታል፤ ማቀዝቀዣውን መርቀዋል፣ ዞር ብለው አይተውት የማያውቁትን ቴሌቪዥን እንኳ መርቀዋል። ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጃንጥላቸውንና ጭራቸውን ይዘው አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላቸው ሆኜ ፀሐይዋን እከታተላለሁ። ዓርብ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ከገባ እሳቸው አውቶቡስ አይሳፈሩም፣ አባቴ ሳጥን ተሸክሞ መንገድ አይሄድም፣ ሱቁም እስከ እሑድ አይከፈትም። እሑድ ሱቁ ሲከፈት ደግሞ ፈተናው አልቋል።

ባለሱቁ መብራቱን ግማሹን አጥፍቶ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነበር። ሁለት መካከለኛ ትሮምቦኖች ጠረጴዛው ላይ አወጣልን፣ ዋጋቸው የሚቀራረብ። አንደኛው አዲስ ነው፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ፣ ቫልቭ የሌለው። ሁለተኛው ሌላ ተማሪ የተጠቀመበት ነው፣ እጅ በሚይዝበት በኩል ወርቃማው ቀለም የደበዘዘ፤ ቫልቩ ግን ከጀርባው ተጠምዝዞ ይታየኛል።

«ሐሙዳ፣ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ ባለሱቁ በዕብራይስጥ፣ ፊት ለፊት፣ አባቴና ቄሱ ቆመው።

ትልቅ ሰው ባለበት እንዲህ ተብላ የተጠየቀች ልጅ መሬት መሬት ነው የምታየው። አቀረቀርሁ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ይበልጥ አቀረቀርሁ። ለኛ ይህ ጨዋነት ነው፣ ለሱ ግን «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» ማለት ሆነ፤ ትከሻውን ነቅንቆ የሚያብረቀርቀውን ለአባቴ አቀበለው። አባቴ አገላብጦ አየው፣ የራሱን ፊት እዚያ ውስጥ አየ፣ ፈገግ አለ። «ለልጄ ሰው የነካው ዕቃ አልገዛም» አለ በአማርኛ። ቄሱ በመስኮቱ የፀሐይዋን ማዘንበል አዩ፣ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው፣ ተነሥተው እጃቸውን ከትሮምቦኑ በላይ ዘረጉ። «የእስራኤል አምላክ ይባርክልሽ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ለወገንሽ መኩሪያ ያድርግሽ።» አባቴ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሜን አለ። እኔም መዳፌን ዘርግቼ፣ በማልፈልገው ትሮምቦን ላይ አሜን አልሁ።

የተመረቀ ዕቃ አይመለስም። ያንን መመለስ ምርቃቱን መመለስ ነው፣ እንዲህ ያደረገ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ኦርኬስትራው፣ እሑድ፣ ሞሬ ግሪሻ፣ ሁሉም ከዚያ አሜን ጋር ሲሄዱ ታየኝ። ያዳነኝ የባለሱቁ ጥድፊያ ነው። «በኋላ አልመልስም፤ አሁኑኑ ትንፋውና ትይ» አለ።

አነሣሁት። ላይ ላዩን ስነፋ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ የአባቴ ፊት በራ፣ ቄሱም በጭራቸው ምት ይከተሉኝ ጀመር። ከዚያ የፈተናውን ዜማ ያዝሁና ወደታች ወረድሁ። ክንዴ ተዘረጋ፣ ትከሻዬ ተከተለ፣ ወገቤ ጎበጠ፣ በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ያዝሁት፤ ድምፁ ገና ከእጄ ወዲያ ነበር። ትንሽ ልጨምር ስል ቧንቧው ከነጭራሹ ከመያዣው ወጥቶ አመለጠኝ። አባቴ በአንድ እርምጃ ዘልሎ ወለሉን ሳይነካ ቀለበው።

አባቴ ቧንቧውን እንደያዘ፣ «ተሰበረ?» አለኝ።

«አልተሰበረም፣ አባየ።»

«እና ምን ሆነ?»

ከሱ ኋላ የቆሙትን ቄስ አየሁ፣ የመስኮቱን ብርሃን አየሁ፣ ጆሮዬ ድረስ ጋልሁ። «አባየ፣ ይኸ አይሆነኝም» አልሁ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «እጄ አይደርስም። የሚሆነኝ ያኛው ነው።»

አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ላይ ድንገት ያገኛትን ሰው «የት ነው የማውቃት» በሚል ዓይን አየኝ፤ ከዚያ አፍሮ ወደ አጎቱ ዞረ። ቄሱ ጭራቸውን ወዲህ ወዲያ አሉና፣ «እኔ የመረቅኋት ልጅቱን ነው እንጅ፣ ብረት መርቄ አላውቅም» አሉ። ማቀዝቀዣችንን ረስተውት ይሆናል፣ እግዜር ይስጣቸው።

«እንግዲያ አንችው ምረጭ» አለኝ አባቴ። ይህን ብሎ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሰና ግድግዳው አጠገብ ቆመ። የደበዘዘውን አንሥቼ ነፋሁ፤ አውራ ጣቴ ቫልቩን ስትጫን ያ የራቀኝ ድምፅ ደረቴ ድረስ መጣልኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ባለሱቁ ሳጥኑን ዘግቶ ሰጠን፣ በሩንም ከኋላችን ቆለፈው።

የመጨረሻው አውቶቡስ አምልጦን ነበር። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አባቴ ሳጥኑን በትከሻው ይዞ፣ ሦስታችንም ከፀሐይዋ ጋር እየተሽቀዳደምን በግማሽ ሩጫ ወደ ቤት ኤሊዔዘር ገሠገሥን። አንድ መገንጠያ ላይ ስንደርስ አባቴ ቆመና ጠበቀኝ። «በየት በኩል ይሻላል?» አለኝ። ያንን መንገድ ስንት ጊዜ መርቶኝ ሄዶበታል፤ እያንዳንዱን ጥግ ያውቀዋል። «በባሕር ዛፎቹ በኩል» አልሁት፣ ኩራት በኩራት ሆኜ። ከፊት እኔ ሆንሁ፣ እነሱ ተከተሉኝ፤ ደረጃችንን ስንወጣ እናቴ የሰንበት መብራቷን ልታበራ ነበር።

እሑድ ጠዋት እታች ድረስ ወርጄ ነፋሁ፣ ኦርኬስትራውም ወሰደኝ። አባቴ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ነገሮች ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ወረቀት ከአባቴ እጅ ወደ እኔ ጠረጴዛ። የወንድሜ ትምህርት ቤት የትኛው ይሁን፣ ለእኔ። መቀየር ያለበት መድኃኒት፣ የሚከራይ ቤት፣ የቀለሙ ዓይነት ሳይቀር፣ ለእኔ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ትልቅ ሰው የሆንሁ መሰለኝ። ጫማዬን የሚመርጥልኝ ሰው እንደሌለኝ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው፣ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሁለት ጫማ ይዤ ስዞር ዙሪያዬ ማንም ሳይኖር። ቤታችን ውስጥ አንድ አባት ነበር፤ እዚያ የትሮምቦን ሱቅ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ቀረ። እኔ ደግሞ ወደፊት ና ብዬ እንዴት እንደምጠራው አላውቅም ነበር።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አባቴ በተኛበት ሆስፒታል ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለ አለን፤ ቀዶ ሕክምናው ሊያድነውም ሊገድለውም ይችላል፣ መተውም እንዲሁ። ለራሱ እንዲመርጥ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ከትራሱ ላይ ጭንቅላቱን በዝግታ ወደ እኔ መለሰ፣ በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጡም፣ «ሂ ዮዳዓት» አለው። እሷ ታውቃለች።

አላውቅም ነበር። ሐኪሙ የሰጠኝን የፈቃድ ወረቀት ጥግ በጣቴ እያፍተለተልሁ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የተሳሳተውንም ቢሆን፣ እሱ እንዲመርጥልኝ አባቴን ለመንሁት።