ሁለት ሰው ያላየው የእሳት ራት

ልብስ ሰፊዋ ባሏን በቀበረች በሳምንቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ «ጠንካራ ሴት ናት» አሉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ «ልቧ ድንጋይ ነው» ማለት ጀመሩ። የሰው አፍ መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል! እሷ ግን ጠንካራም ድንጋይም አልነበረችም። ደንዝዛ ነበር፣ በቃ። ሲነጋ ትነሳለች፣ ትሰፋለች፣ ትበላለች፤ የበላችው ጨው ይብዛበት ይነስበት አታውቅም።

ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነበር። በጋ በገባ ቁጥር ጓሮ ነጭ አንሶላ ይዘረጋና ከፊቱ ትልቅ አምፖል ያበራል። ከዚያ ባልና ሚስት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብርሃኑ የጠራውን ነፍሳት ሁሉ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ፤ የእሳት ራቱን፣ ጥንዚዛውን፣ ክንፋሙን ምስጥ። ሌላው ሰው ትንኝ እንዳይገባበት መብራት ያጠፋል፣ እነዚህ አብርተው ይጋብዛሉ! «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብሎ ያልቀለደባቸው የሰፈር ሰው የለም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። አንዱ «አየሽ?» ወይም «አየህ?» ይላል፤ ሌላው «አየሁ» ካላለ አይጻፍም። «ዓይን ያታልላል፣ በተለይ የጓጓ ዓይን» ይል ነበር ባልየው። የሕጉ ጅራፍ ያረፈውም በራሱ ላይ ነው። አንድ በጋ፣ እሷ ሻይ ልታፈላ በገባችበት፣ መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ የእሳት ራት ረጅም ጭራውን እየጎተተ አንሶላው ላይ አረፈ። እሷ ስትወጣ የለም። ሳይጽፈው ቀረ፤ እስኪሞት ድረስም በየበጋው ጠበቀው።

ዘንድሮ አንሶላውን ራሷ ዘረጋች። አረንጓዴው ከመጣ ለባሏ ልትጽፍለት ነው፤ ከዚህ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም። ነርስ ልጇ «ሁለተኛዋ ዓይን እኔ ነኝ» ብላ ከሥራ መልስ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ጥንዚዛ ጆሮዋ ሥር በበረረ ቁጥር ግን ፎጣ ተከናንባ ትጮሃለች። አንድ ምሽት ድካም አሸነፋትና ማንጎላጀት ጀመረች።

«ግቢና ተኚ እንጂ፣ ልጄ።»

«ቢመጣስ፣ እማዬ?»

«እጠራሻለሁ።»

ልጅቷ ከመግባቷ መጣ። አንሶላው መሃል ላይ አርፎ ክንፉን ዘረጋ። አረንጓዴ፣ ባለ ረጅም ጭራ፤ ልክ ባሏ እንዳለው። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳትነቅል እጇን ወደ በሩ አወዛወዘች።

«ና! ቶሎ ና! መጣልህ!» ብላ ጮኸች።

የጠራችው ልጇን አልነበረም። ይህ ለራሷ የገባት፣ ልጇ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጥታ ፊት ለፊቷ ስትቆም ነው። አንሶላው ላይ ትናንሽ ትንኞች ብቻ ቀርተዋል።

«የታለ?»

«በረረ።»

ልጅቷ እናቷ ማንን እንደጠራች ሰምታለች፤ ግን አላነሳችውም። ደብተሩን ከመሬት አንስታ እስክሪብቶውን አቀበለቻት። «ጻፊዋ። አንቺ አይተሽው የለ? ማን ይጠይቅሻል?»

እናቲቱ እስክሪብቶውን ያዘች፣ አንሶላውን አየች፣ መልሳ ሰጠቻት።

«አይሆንም» አለች። «ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻዬን ነው ያየሁት» ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ይኸው ነው፤ አላረመችውም። ልጅቷ አምፖሉን አጥፍታ መጥታ ያዘቻት፤ ያን ጊዜ የደነዘዘ ልቧን ያማት ጀመር።