ማኪንቶሽ የማን ልጅ ነው?

የባለቤቴ አባት ከጎጃም ተነሥተው እኛ ወደምንኖርበት አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው አውሮራ የገቡት በሚያዝያ ነው፤ ሁለተኛው ልጃችን በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት። የስድስት ወር ቪዛ ይዘው ነበር። ባለቤቴ ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ አጣች። እኔም እንቅልፍ አጣሁ፤ የእኔ ግን ከደስታ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ በጎጃም የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያጋቡ ኖረዋል። የአገሬው ሰው ልጁን ሊድር ሲያስብ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ እሳቸውም ከወንዱም ከሴቷም ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው «ይገናኛል» ወይም «አይገናኝም» ይላሉ። «ይገናኛል» ካሉ ጋብቻው ቀረ። እንግዲህ የእኚህን ሰው ልጅ ነው እኔ ሽማግሌ ሳልልክ፣ ዘር ሳላስቆጥር፣ ዴንቨር መሀል ከተማ ካለ የጋብቻ መዝገብ ቢሮ በምሳ እረፍቴ ሄጄ ያገባሁት። ለወላጆቿ በስልክ የነገርናቸው ከሳምንት በኋላ ነው። እሳቸው «እሺ» ብለው ስልኩን ለእናቷ አቀበሉ፤ እናቷን ነፍስ ይማር። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ስንደውል ልጃቸውን ያነጋግራሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ያነጋግራሉ፣ እኔ ጋ ሲደርስ የስልኩ ካርድ ያልቃል።

ከመጡ በኋላም ስሜን አንድ ቀን አልጠሩትም። እኔ በር ላይ ቆሜ ጫማዬን እያወለቅኩ «ሰውዬው መጣ?» ብለው ልጃቸውን ይጠይቃሉ። ባለቤቴ ትስቅ ነበር፤ ግን ሰርጋችን ያለ አባት ምርቃት መቅረቱ ልቧ ውስጥ እንደ ተቀመጠ አውቃለሁ። ሰውዬው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በጥቅምት ሳይመርቁን አውሮፕላን ከተሳፈሩ ነገሩ እንዲሁ እንደ ተጣመመ ሊቀር ነው። ይህን እያሰብኩ ነበር እንቅልፍ የማጣው።

የአማቴ የመጀመሪያ ጠብ ግን ከእኔ ጋር ሳይሆን ከጓሮው ጋር ሆነ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አንድ ቀን፣ በመስታወቱ በር ወደ ውጭ እያዩ።

«ሳር ነው፣ አባዬ» አለች ባለቤቴ።

«ከብቱስ የታለ?»

«ከብት የለንም።»

«ታዲያ ለማን ብላችሁ ነው ውሃ የምታጠጡት?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ሳር በየሳምንቱ በማጨዴ ደስተኛ አልነበርኩም። ባለቤቴ ወዲያው «ለምን አፕል አንተክልም? ጓሮው ትልቅ ነው፤ አባዬም ሥራ ያገኛሉ» አለች። እሷ ብልህ ናት። አባቷና እኔ አንድ ጉድጓድ አብረን ከቆፈርን ነገር ይለዝባል ብላ አስልታ ነው፤ በኋላ ራሷ ነገረችኝ።

እኔ የምሠራው ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ፣ ፓርኪንግ ጋራጅ ነው፤ ሰኞ ኦፍ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ከሕፃኑ ጋር ቤት ቀረች፤ እኔና አማቴ ወደ ችግኝ መሸጫው ሄድን። አማቴ የጋራጁን ወፍራም ጃኬቴን ለብሰዋል፤ ጀርባቸው ላይ በትልቁ ፓርኪንግ ይላል። መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

ሻጯ ሽበታም አሜሪካዊት ናት፤ ቱታዋ ጉልበቱ ላይ ተጥፏል። ባለቤቴ የምትወደውን፣ ፉጂ የሚባለውን የፖም ዓይነት ጠየቅኳት። ራሷን ነቀነቀች። ፉጂ የሚበስለው በጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ እዚህ በረዶ ሊቀድመው ይችላል አለች። ቀደም ብሎ የሚደርሰውን ማኪንቶሽ ውሰድ፣ ግን ፖም ብቻውን አያፈራም፤ ሌላ ዓይነት ፖም በአጠገቡ በዚያው ሰሞን ማበብ አለበት፣ ንቦቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ያመላልሳሉ ብላ አስረዳችኝ። ይህን ለአማቴ ተረጎምኩላቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ይጋባሉ ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባባ። መጋባት ይበሉት።» ከመጡ ጀምሮ ለእኔ ያነሱት የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

ሴትየዋ ኮርትላንድ የሚባል ችግኝ አመጣችና ማኪንቶሹ አጠገብ አቆመችው። ጥሩ ጥንዶች ናቸው አለች። እኔ ጋሪ ፍለጋ ዞር ስል አማቴ በከዘራቸው አስቆሙኝ።

«ወላጆቹ እነማን ናቸው? ጠይቃት።»

አፈርኩ። ግን ጠየቅኩ። ሴትየዋ እንደ እኔ አላፈረችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ገለጠች። የኮርትላንድ አባት ማኪንቶሽ ነው አለች። የተረጎምኩት እየፈራሁ ነው።

«አባትን ከልጅ ልታጋባ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ?»

እንድታስረዳቸው ሻጯን ለመንኳት፤ እሷም ዛፍ በዚህ አይጎዳም፣ ብዙ ሰው ሁለቱን አብሮ ይተክላል አለች። አማቴ በትዕግሥት ሰሙኝ። «እሷ ዛፍ ሻጭ ናት፣ አልፈርድባትም» አሉ። «እኔ ግን በእጄ አልተክልም።»

እሺ ብዬ ማኪንቶሹን ትተን ለኮርትላንድ ሌላ ጥንድ ፈለግን። ኤምፓየር የሚባል ነበር። መጽሐፉ ተገለጠ። የኤምፓየር እናት ማኪንቶሽ። በአንዱ በአባት የገባው ማኪንቶሽ በሌላው በእናት ገብቷል፤ ኮርትላንድና ኤምፓየር ወንድማማቾች ሆነው ተገኙ። አማቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ችግኙን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄ ማኪንቶሽ በየቤቱ ገብቷል። ራሱስ የማን ልጅ ነው?»

ሴትየዋ ይህን ከመጽሐፍ ሳታይ ታውቀዋለች። ካናዳ ውስጥ አንድ ገበሬ ጫካ ሲመነጥር አገኘው፤ ወላጆቹን የሚያውቅ የለም አለች። አማቴ ቀርበው አንዱን ቅጠል በጣታቸው ዳሰሱት። «ምስኪን» አሉ። «እሱን እንወስዳለን።»

ለማኪንቶሽ ሚስት ፍለጋ አንድ ሰዓት ያህል ዞርን። በመጨረሻ ሃራልሰን የሚባል፣ ብርድ የሚችል፣ የሚኒሶታ ፖም ተገኘ። መጽሐፉ ላይ ከማኪንቶሽ ቤት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አማቴ ግን በመጽሐፍ ብቻ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ከካናዳው ገበሬ እስከዚህኛው አገር ምን ያህል ይርቃል?»

«በመኪና ሁለት ቀን ነው» አለች፤ ተረጎምኩ።

«በእግርስ?»

ሴትየዋ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን። «ብዙ ነው፣ አባባ።»

ጥቂት አሰቡና «አይገናኝም» አሉ። ሴትየዋ ቃሉን ባታውቀውም ፍርድ መሆኑ ገብቷት አጨበጨበች። ችግኞቹን መኪናችን ውስጥ ሳስገባ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በዚያች ሰዓት አማቴን ወደድኳቸው። ቢጠሉኝም ወደድኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ጉድጓዶቹን በአሥር እርምጃ ልዩነት ቆፈርን። እኔ ቆፈርኩ ብል ይሻላል፤ እሳቸው «ጥልቀት ጨምር፣ ጎኑን አስፋ» ይሉ ነበር። ሃራልሰኑን አቁመን አፈሩን በእጃቸው እየመለሱ ሳሉ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ለግንድ እንኳ ይሄን ያህል ተጠየቀ። ለእኔ ልጅ ግን ደጄን ያንኳኳ ሰው የለም።»

ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። ስምንት ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ወረቀት አልነበረኝም፣ ሁለት ሥራ ነበረኝ፣ አሜሪካ ነው፣ ማንን እልካለሁ። ሁሉንም ትቼ አካፋዬን አጋደምኩ። እኔ እስከዚያ ቀን ያሰብኩት ሥርዓት ብቻ እንደ ዘለልኩ ነበር። እኚህ ሰው ለስንቱ ሲቆጥሩ ኖረው ለራሳቸው ልጅ ሲደርስ የሚጠይቃቸው አጥተው እንደ ከረሙ የገባኝ ያኔ ነው።

«አጥፍቻለሁ፣ አባባ» አልኩ።

«አጥፍተሃል» አሉና የውሃውን ጎማ አቀበሉኝ።

በማግስቱ በምሳ እረፍቴ ከጋራጁ ሆኜ አዲስ አበባ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ አዲስ አበባ ይኑር እንጂ ትውልዱ ከዚያው ከጎጃም ነው፤ ከአማቴ ዘር ጋር ሊገናኝ ይችላል። የዘሬን ቁጥር እስከ ሰባት ስጠኝ አልኩት።

«ለምንህ?»

«ለጋብቻ።»

«ለየትኛው ጋብቻ?»

ነገርኩት። ብዙ ሳቀ፣ ከዚያ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ።

«አባዬ፣ ቢገናኝስ?»

«ሁለት ልጅ ወልደህ ነው አሁን የምትጠይቀኝ?» አለ። ከዚያ በአባቱም በእናቱም በኩል፣ የእናቴንም ወገን ጨምሮ ዘረዘረልኝ፤ ከፓርኪንግ ቲኬቶች ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ሰባተኛው ጠፍቶት ታላቅ እህቱን ጠይቆ በሁለተኛው ቀን ሰጠኝ።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ አማቴ ጓሮ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆሜ ኮፍያዬን አወለቅኩ። «አባባ፣ የሚላክ ሽማግሌ የለኝም፤ ራሴን ልኬአለሁ» አልኩና ማንበብ ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ስም አንድ ጣት ያጥፋሉ፤ ከንፈራቸው የራሳቸውን ወገን ይቆጥራል። ባለቤቴ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። የሌላው ወገን ሁሉ በሰላም አለፈ፤ በአባቴ አባት ሐረግ ስድስተኛው ላይ ጣታቸው ቀጥ አለ።

«ይሄ የየት ሰው ነው?»

«የደጀን።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በዚህ ስም የምናውቀው የእኛው ሰው የቢቸና ነው፤ ይሄ ሌላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቀጥል።»

ሰባተኛውን አነበብኩ። ጣታቸውን ሁሉ ዘረጉ።

«አይገናኝም። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። ባለቤቴ ከበሩ መጥታ፣ በአንድ ክንዷ ሕፃኑን እንደ ያዘች፣ ሁለተኛውን ጉልበት ሳመች፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። «አባዬ፣ እኔንስ እሺ በይ የሚለኝ የለም?» አለቻቸው።

«አንቺማ ስምንት ዓመት ሙሉ እሺ ስትዪ ኖርሽ» አሉ፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው። «የቀረሁት እኔ ነበርኩ።»