የእማዬ ተረከዝ ያረፈበት ቤዝ ጊታር

ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በቡታጅራ ቤዝ ጊታር የያዘ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ኖሬያለሁ። ከኔ በፊት ያየው ሰው ስላልነበረ ማንም አልተከራከረኝም።

ጓደኛዬ አዲስ አበባ አንድ ባንድ አይቶ መጣና "ቤዝ የሚሉት ጊታር አለ፤ ክሩ አራት ብቻ ነው፤ ግን ሆድ ያንቀጠቅጣል" አለኝ። በዚህ ቃል አበድኩ። መስቀል ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ አዲስ አበባ የሚነግዱት የሠፈራችን ልጆች ለበዓሉ ሲገቡ ሜዳው ላይ በቤዝ ላስጨፍራቸው ምዬ ተነሳሁ።

የጊታሩን ሆድ ከዋንዛ ጉማጅ በመሮ ፈለፈልኩና በሰባራ ጠርሙስ አለሰለስኩት። ለክር የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጠርኩ። አንገቱ ግን አስቸገረኝ፤ የማይጣመም፣ የደረቀ እንጨት ይፈልጋል። አንድ ቀን ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል፣ ያረጀ ጣውላ ተጋድሞ አገኘሁ። ጫፉ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አለችው፤ ብሞክራት አውራ ጣቴ ልክ ተኛባት። እግዜር የላከልኝ መሰለኝና ብቻዬን እየሳቅኩ በመጋዝ ሰነጠቅሁት። ጎድጓዳዋን በአንገቱ ጀርባ በኩል አደረግኋት።

በሳምንቱ እማዬ ለቆጮ እንሰት ልትፍቅ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። "መፋቂያ ጣውላዬን ማን ወሰደብኝ?"

በእኛ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ዝር አይልም፤ ያን ጣውላ ሥራ ላይ አይቼው አላውቅም። ለካ እማዬ ተረከዟን አስደግፋ ሃያ ዓመት የፋቀችበት ኖሯል፤ ጎድጓዳዋንም የቆፈራት ተረከዟ ነው። ልናገር ስል መስቀል ትዝ አለኝና ጊታሩን ከእማዬ ዓይን ሸሸግኩት።

ጣውላውን መጨረሻ የተዋሰችው ጎረቤታችን፣ የእማዬ የልብ ጓደኛ ነበረች። መልሻለሁ ብትል ማን ይስማት። ተኳረፉ፤ ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ ያወሩ የነበሩት ሴቶች ሰላምታ ተነፋፈጉ። አፈርኩ፤ ግን ምን ይደረጋል፣ ፍሬን ሽቦው ድም ባለ ቁጥር እፍረቴን ይዞት ይሄዳል።

የመስቀል ሰሞን ሜዳው ሞላ። ክራሩ ጀመረ፣ ከበሮው ቀጠለ፣ እኔም ገባሁ። ድምፄ የሚሰማው ከበሮው ሲያርፍ ብቻ ቢሆንም፣ ፊት የቆሙት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ደስታ ናላዬን አዞረውና ጊታሩን ከራሴ በላይ አንስቼ ጀርባውን ለሕዝቡ አሳየሁ። ሞኝ።

እማዬ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ መጣች። ጊታሩን ተቀብላኝ በደረቱ አስተኛችው፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ተረከዟን ጎድጓዳዋ ላይ አሳረፈች። ልክ ገባ።

"ሌባው ከቤቴ ነው" አለች፤ ለኔ ሳይሆን ማዶ ለቆመችው ጎረቤታችን። ሄዳ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ጎረቤታችን ቀድማ ያዘቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ።

"በል እስቲ" አለችኝ ጎረቤታችን እንባዋን እየጠረገች፣ "ከእናትህ ያኳረፈኝ እንጨት ምን እንደሚል ልስማው።"

ጊታሩን አነሳሁ። አውራ ጣቴ ቦታዋን ስታገኝ ጎድጓዳዋ ከእማዬ ተረከዝ ገና ሞቅ ብላ ነበር።