ፒያኖው ሲመጣ

በየዓመቱ የመጀመሪያው በረዶ ሸለቆው ላይ ሲወርድ የመንደሩ ሲኒማ አዲስ የበረዶ ሸርተቴ ፊልም ያሳያል፤ ሽማግሌውም ይመጣሉ። ቲኬት የምትቆርጠው ኦዲል ስማቸውን አታውቅም። የምታውቀው ሰማያዊ ጃኬታቸውን ነው፤ ለጎረምሳ የተሰፋ፣ ትከሻቸው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ደረቱ ላይ የነበረው የመጠጥ ፋብሪካ ምልክት ተተርትሮ የክሩ ቀዳዳ ብቻ የቀረበት።

ፊልሙ ከአምናው በምን እንደሚለይ የሠሩትም የሚያውቁ አይመስላትም። ሄሊኮፕተር ይነሳል፣ ጎረምሳ ከገደል ይዘላል፣ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። ሽማግሌው አያጨበጭቡም። ከፊልሙ ፒያኖ ሲሰሙ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ብድግ ይላሉ።

"አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ! ከለሉን እኮ!" አለ ዘንድሮ አንድ ወጣት ከኋላቸው።

"ፒያኖው መጣ፤ ልጁ ሞቷል" አሉ ሳይዞሩ።

"ኧረ ምን ዓይነት ሟርት ነው? ይኸው እየሳቀ አይደል እንዴ!"

እውነትም ልጁ ሸራው ላይ እየሳቀ ነበር። ወዲያው በፊልሙ ውስጥ ፀሐይ ጠለቀች፤ ስሙና የኖረበት ዘመን ተጻፈ፤ ከሥሩ ፊልሙን ያሠራው የመጠጥ ፋብሪካ ምልክት።

ሽማግሌው ሲወጡ ኦዲል በሩን ያዘችላቸው። "ፊልሙን እንዴት አገኙት?"

"ያው ነው፣ ማዳም። የኔንም ልጅ በፊልማቸው በዚሁ ፒያኖ ነው የሸኙት።" የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገታቸው ሳቡት። "አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። እሱ እኮ አኮርዲዮን ነበር የሚወደው።"