ድኩላው ላብራቶሪ የገባ ቀን

አስመረት ባሏን በቀበረች ማግስት ጠዋት ተነሳች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ጸጉሯን አበጠረች፤ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ከታናሽ እህቷ ከሉዋም አጠገብ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። በቀብሩም ቀን አላለቀሰችም ነበር። ለቀስተኞቹ ሴቶች መጀመሪያ «ድንጋጤው ነው» አሉ፤ ሠልስቱ ሲያልፍ ግን እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ።

ባሏ ዑቕባዝጊ ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ሳቁ ከሱቁ አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ ሰው ነበር። በሐምሌ ወር አንድ ከሰዓት ደንበኛ እያነጋገረ ባንኮኒው ላይ ተደፋ። ሰዎች ተሯሩጠው ሆስፒታል አደረሱት፤ በሕይወት ግን አላደረሱትም። ልጅ አልነበራቸውም። ሉዋም እህቷን ብቻዋን መተው ስላልሆነላት፣ ቦሌ ሚካኤል ያለውን የባልና ሚስቱን ቤት ቆልፋ የካ አባዶ ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ ወሰደቻት።

ከአርባው በኋላ አስመረት ሥራ ገባች። የምታስተምረው ቦሌ ሚካኤልን አለፍ ብሎ ባለ አንድ ኮሌጅ ነው፤ ባዮሎጂ። ከየካ አባዶ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች፤ ሰው ቢቀድማት አትናገርም። ታክሲው ውስጥ መስኮቱ ቢከፈትም ባይከፈትም ለእሷ ያው ነው። ሉዋም የምታቀርብላትን ትበላለች፤ «ጣፈጠሽ?» ስትባል «አዎ» ትላለች። አዝና ነው እንዳይባል እንኳ ሐዘንም አልነበረም። ሰውነቷ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ የተጣለ ይመስል፣ የሚነካት ሁሉ ከሩቅ ነበር የሚደርሳት።

የኮሌጁ ግቢ ደን ነው ማለት ይቻላል። ከአጥሩ ውጪ ጋራዡና ብረታ ብረት ቤቱ፣ የታክሲ ጥሩምባውና አቧራው አለ፤ በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች ይቀበላሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባሕር ዛፉ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ጦጣዎች አሉ፤ ጭላት አለ፤ ከጄኔሬተር ቤቱ ኋላ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ደግሞ ጠቆር ያለ ቀንዳም ድኩላ ይኖራል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ከተማው ዙሪያውን ሲዘጋበት እዚያው የቀረ ይመስላል።

የዚያ ዓመት የጥቅምት ትምህርት ዕፅዋትና እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር እንዴት እንደሚላመዱ የሚል ነበር። አስመረት ተማሪዎቿን ይዛ ዛፎቹ መሃል ገባች። በፊትም በየዓመቱ ታደርገው ነበር፤ ያኔ ግን እጇን እያወናጨፈች፣ ቅጠል እየቀነጠሰች፣ አንዳንዴም ጦጣ እየሰደበች ነበር። አሁን ድምፅዋ ከመጽሐፍ እንደሚነበብ ነገር ወጥ ሆኗል።

«ይሄ ጽድ በሁለት ሕንጻ መሃል ስለበቀለ ግንዱን ወደ ብርሃኑ አዘንብሏል። እነዚህ ሣሮች መንገድ ላይ ስለሚረገጡ መሬት ላይ ተለጥፈው ነው የሚያድጉት። ጦጣዎቹ የዕረፍት ደወል ያውቃሉ፤ እናንተ ካፍቴሪያ ሳትደርሱ እነሱ ይደርሳሉ። ድኩላው የሚያርፈው ጄኔሬተር ቤቱ አጠገብ ነው። ድምፁን ለምዶታል፤ የሰፈሩ ውሾች ግን ድምፁን ስለማይወዱት አይጠጉም።»

ፈቲያ የምትባል፣ ሁልጊዜ ከፊት የምትቆም ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መላመድ ማለት መርሳት ነው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። አስመረት አልሳቀችም።

«አይደለም። ጦጣዋ ደወሉን ያወቀችው በዕድሜዋ ነው፤ እሱ ልምድ ነው። የድኩላው ቀለም ግን ሌላ ነው። ጥላ ውስጥ የሚሰውረውን ቀለም እሱ ተምሮ አላመጣውም። ቀለማቸው ያልሰወራቸው እየተበሉ አለቁ፤ የተሰወሩት ተረፉና ወለዱ። እኛ የምናየው የተረፉትን ልጆች ነው።»

«ያለቁትንስ ማን ያስታውሳቸዋል?»

«ማንም» አለች አስመረት፤ ወደሚቀጥለው ዛፍም መራቻቸው።

ኅዳር ላይ ባሕር ዛፉ ይቆረጥ ተባለ። ዲኑ አቶ ተካልኝ ለመምህራኑ ስብሰባ ጠርተው በቦታው አዲስ አዳራሽ እንደሚሠራ ነገሯቸው፤ ተማሪው በዝቶ መቀመጫ ጠፍቷልና ማንም አልተቃወመም። «መምህርት አስመረት፣ እርስዎ የሚሉት ካለ» ሲሏት፣ የወንዙ ዳርና ከጄኔሬተር ቤቱ ጀርባ ያለው ቁጥቋጦ እንዳይነካ ጠየቀች። ተስማሙ። እሷም ተመልሳ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበሩት እንደ ድሮው ትሟገታለች ብለው ጠብቀው ነበር።

የሞተር መጋዙ ሰኞ ጠዋት ጀመረ። ጦጣዎቹ እየጮኹ የተማሪዎቹ ማደሪያ ጣሪያ ላይ ወጡ። ድኩላው ጄኔሬተሩን ቢለምድም ይህን ድምፅ አያውቀውም። የመጀመሪያው ትልቅ ግንድ መሬቱን ሲያናውጠው ከቁጥቋጦው ወጥቶ ተፈተለከ፤ ሜዳው ላይ ተማሪ አየና ተጠመዘዘ፤ የመማሪያ ክፍሎቹ በረንዳ ላይ ወጣ፤ እዚያም ተማሪ አገኘ። ክፍት የነበረው በር የላብራቶሪው ብቻ ነበር። ገባ።

አስመረት ውስጥ ማይክሮስኮፕ ስትወለውል ነበር። እንስሳው አጠገቧ አልፎ የመስታወት ቁም ሳጥኑን በቀንዱ መታው። መስታወቱ ወለሉ ላይ ረገፈ። በረንዳው በጩኸትና ስልክ በያዘ እጅ ተሞላ። ሄደች፤ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

የግቢው ጥበቃ ሙዘሚል በሩን ይደበድብ ጀመር። «መምህርት! ይውጡ እንጂ! ቀንድ አለው፣ ይወጋዎታል!»

«ሙዘሚል፣ ልጆቹን አርቅልኝ።»

«እሱስ?»

«የኋላውን በር ብከፍትለት መጋዙ ላይ ነው የሚወጣው። ሰዎቹ ሥራ ሲያቆሙ ንገረኝ።»

ስብርባሪው ላይ እየረገጠች መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ሳበች። ክፍሉ ጨለም አለ። ድኩላው ጥግ ላይ፣ በግድግዳውና በጠረጴዛው መሃል ቆሞ ጎኑ ይንቀጠቀጣል። እሷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ወንድ ድኩላ መውጫ ሲያጣ ሰው እንደሚወጋ ታውቃለች፤ አስተምራዋለች። መፍራት እንዳለባት ገብቷታል። ፍርሃቱን ግን ብትፈልገው አላገኘችውም። ቀንዱንም፣ የተቀደደውን ጆሮውንም፣ ጭኑ ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጥቦች፣ አንገቱ ላይ የተጣበቀውን መዥገርም አየች። ሥዕል እንደምታይ ነው ያየችው።

ውጪ መጋዙ ይነሳል፣ ያርፋል። በተነሳ ቁጥር ድኩላው ይደነግጣል፤ እሷ አትንቀሳቀስም። ምሳ ሰዓት አለፈ። የተማሪዎቹ ድምፅ ራቀ። ቆይቶ የእንስሳው ትንፋሽ ረጋ፤ ጆሮዎቹ በየአቅጣጫው መዞር አቆሙ፤ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ማመንዠክ ጀመረ። ድኩላ ስጋት ላይ እያለ እንደማያመነዥክ ለስንት ዓመት ተማሪ ነግራለች። አሁን ሰው ባለበት ክፍል፣ ከእሷ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ መንጋጋውን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ያኝካል። ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ለእሱ እሷ እንደ ጠረጴዛው ሆናለች ማለት ነው፤ ይህም ቅር አላላትም።

አመሻሹ ላይ መጋዙ ጸጥ አለ። ሙዘሚል በኋላው በር በኩል ቀስ ብሎ አንኳኳ። «ሄደዋል።»

አስመረት በዳዴ ሄዳ በሩን ከፈተችና ወደ ጎን ሸሸች። ድኩላው ብርሃኑን ትንሽ አየው። አልሮጠም፤ ኮቴው ሲሚንቶው ላይ እየተሰማ ወጣና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሙዘሚል። ከዚያ አያትና ድምፁ ተለወጠ። «መምህርት! እጅዎ!»

ወደ ታች አየች። ግራ እጇ ከመዳፏ እስከ አንጓዋ ተሰንጥቋል። የሹራቧ እጅጌ በደም ርሶ ደርቋል፤ ቀሚሷም ቆሽሿል። መጋረጃውን ስትስብ ከቁም ሳጥኑ የቀረው መስታወት ቆርጧት መሆን አለበት። የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጣ አየችው።

ሙዘሚል ክሊኒክ ወስዷት እጇ ተሰፋ። ወጣቱ ሐኪም ማደንዘዣ ወግቶ እየሰፋ «ያምዎታል?» አላት። «አይ» አለች። እውነቷን ነው፤ ከመወጋቷ በፊትም አላመማትም ነበር።

ማደንዘዣው የለቀቃት ታክሲ ውስጥ፣ መገናኛን እንዳለፉ ነው። መጀመሪያ ጣቷን ነዘራት፤ ከዚያ መዳፏ መምታት ጀመረ፤ ከዚያ እስከ ትከሻዋ ወጣ። ታክሲው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጥርሷን ነከሰች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «አይዞሽ እናቴ» አለቻት። አስመረት ራሷን ነቀነቀች።

ሉዋም በሩን ስትከፍትላት ፋሻውን አይታ ጮኸች። አስመረት ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ሉዋም፣ አመመኝ።»

«ምንሽን?»

«እጄን። በጣም አመመኝ።»

ሉዋም አጠገቧ ተቀመጠችና ደህናውን እጇን ያዘች። ከሐምሌ ወዲህ እህቷ ስለ ራሷ አንድ ነገር ስትናገር ገና መስማቷ ነው። አሁን ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች፤ መሐረብም አዘጋጀች። አስመረት ግን አላለቀሰችም። «የሕመም ማስታገሻ አለሽ?» ብቻ አለች። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀነሰ፤ ከሕመሙ ጋርም እሱ ያመጣላት መንቃት ቀነሰ፤ ያ ሁሉን ነገር የሚያርቅባት ብርድ ልብስ ተመልሶ ተጣለባት። እንደ በፊቱ ግን አልከበደም።

ሥራ ስትመለስ አቶ ተካልኝ ቢሮ አስጠሯት። ድኩላው ሰው ስለጎዳ ተይዞ ከከተማ እንዲወጣ የዱር እንስሳት ባለሥልጣንን ሊጠይቁ እንደሆነ ነገሯት።

«የጎዳኝ መስታወት ነው።»

«ይሁን፤ ነገ ተማሪ ቢወጋስ? ደግሞ ለራሱም ደኅንነት እኮ ነው።»

«የት ነው የሚወስዱት?»

«ጫካ ነዋ፣ መምህርት።»

«እዚህ መኖር ችሏል» አለች። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን ራሷም ሰማችው። «ውሃው የት እንዳለ፣ ውሻው የት እንደማይደርስ፣ ተማሪው መቼ ክፍል እንደሚገባ ያውቃል። ሌላ ቦታ ይህን ሁሉ ማን ያሳየዋል? እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም።»

አቶ ተካልኝ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን አዩ። ቁጥቋጦው በሽቦ እንዲታጠር፣ ወደ ወንዙ በኩል ብቻ ክፍት እንዲሆን፣ የቀረው ቆረጣም ተማሪ በሌለበት በዕረፍት ሳምንት እንዲያልቅ ተስማሙ። ቃላቸውንም ጠበቁ። አስመረት ከቢሮው ስትወጣ ደስ አላት ማለት አይቻልም። ተማሪዎች እየጠበቋት ነበር፤ ሄዳ አስተማረች።

አዳራሹ ግድግዳው ቆሟል። ጦጣዎቹ የማደሪያውን ጣሪያ ቤታቸው አድርገውታል፤ ተማሪዎቹም መስኮት መዝጋት ለምደዋል። ድኩላው ሰዓቱን ለወጠ። ድሮ ጠዋት ይታይ ነበር፤ አሁን የሚወጣው እሁድ፣ ግቢው ባዶ ሲሆን ነው፤ ሙዘሚል ነው የሚያየው።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ አስመረት ወደ ቦሌ ሚካኤሉ ቤቷ እመለሳለሁ አለች። ሉዋም ደነገጠች።

«ብቻሽን? ትችይዋለሽ?»

«አላውቅም» አለች አስመረት። «ልየው።»

ሉዋም ቁም ሳጥኑን ከፍታ አንሶላ ማጠፍ ጀመረች፤ አስመረትም በሌላው በኩል ጫፉን ያዘችላት።