በኖራ የተሰመረው መንደር

ወንድሜን በሥራ ቦታው «ማስመሪያው» ይሉት ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የቤት ፕላን ሲነድፍ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ዛሬም ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሰው ቤት በእንግድነት ተጠርቶ፣ ገና ሳይቀመጥ የግድግዳ ፎቶ ያቃናል። እኔ ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሜትር ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ። እሱ ግን እኔ የለካሁትን መልሶ ካልለካ አያምንም። ጋሼ እያልኩ የማከብረውን ያህል በቀን ሦስቴ ያናድደኛል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአንድ ልጁ ጋር ይኖራል። ልጅቷ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት ትመዘግባለች። በሥራዋ የሚወዳደራት የለም ይባላል። እኛ ቤት ስሟ «ዳኛዋ» ነው፤ ሰው ተሳስቶ ከተናገረ አታልፍማ። «ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ» ስላት «አራት ጊዜ ነው» ትለኛለች። ለብዙ ዓመት ትዕቢት መስሎኝ ነበር። ቤቱ በዘመድ ሲሞላ ተነስታ ክፍሏን ስትዘጋ፣ ልስማት ስጠጋ ፊቷን ስታዞር፣ «ይቺ ልጅ ንቃናለች» እል ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆናት ነው አንድ ሐኪም ነገሩ አስፐርገር ሲንድረም እንደሚባል ያስረዳቸው። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠሯ ነው፤ ጫጫታና ድንገተኛ ነገር ይከብዳታል፤ በዓይን የምትጠቅሱላትን አትሰማም፣ በቃል ንገሯት አላቸው። ጋሼ የነገሩን ስም በማወቁ ደስ ብሎት ቤቴ ድረስ መጣ። እኔ ግን ያን ቀን አለቀስኩ። ያቺን ልጅ ስንት ጊዜ ነው የገላመጥኳት!

ጋሼም ደስታው አልቆየለትም። አንድ ቀን ለሰው የሚሠራት ፕላን ላይ አቀርቅሮ ሳለ «ይህን ሳልጨርስ እንዳትረብሺኝ» አላት። አልረበሸችውም። ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ደርሶ፣ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀችው። እርሳሱን ሲያስቀምጥ መጥታ «ጨረስክ? እንግዲያው ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለችው። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ፤ ልጅቷም ዳነች። ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። «እኔ ስሞት ማን ነው እንዴት አደርሽ የሚላት?» ይለኛል፤ ሰባ ሁለት ዓመቱን እየቆጠረ።

መንደሩን የወለደው ይኸው ጭንቀት ነው። ሲስተር የምንላቸው ጡረተኛ ነርስ አሉ፤ ልጃቸው ሰዓት ሠሪ ነው፣ እሱም እንደ ዳኛዋ ነው። ሲስተር እንደነዚህ ያሉ የአሥራ ሁለት ልጆችን ወላጆች አሰባሰቡ። ልጆች ስል ሁሉም ሥራ ያላቸው አዋቂዎች ናቸው፤ አንዱማ መላጣ ነው። ማዘጋጃ ቤት ደጅ ጠንተው፣ ከከተማው ዳር አሥራ ሁለት ትንንሽ ቤቶች የሚይዝ ባዶ ሜዳ አስፈቀዱ። እሑድ እሑድ ከሰዓት ሲስተር ሳሎን እንሰበሰብ ጀመር። ዳኛዋና ሰዓት ሠሪው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛ ውስጥ ሆነን ስለነሱ እናወራለን።

ምን ያላሰብንላቸው ነገር አለ! ብቻቸውን እንዳይሆኑ በሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ግቢ ይዙሩ አልን፤ ሲወጡ ሲገቡ ሰላም ይባባላሉ። መሃል ላይ ትልቅ አዳራሽ ይኑር፣ ሁሉም ባንድ ጠረጴዛ ይብላ አልን። አንድ አባት «የምሳ ደወል ቢኖርስ?» ሲሉ «ግሩም!» ብዬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ጋሼ በዕድሜው ነድፎት የማያውቅ ያማረ ፕላን ነደፈ፤ ሁላችንም ፈርመን አስገባን።

በሳምንቱ የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ ፋይሉን መለሰችው። «የነዋሪዎች ፊርማ» የሚለው ቦታ ላይ የፈረምነው እኛ ነን። «እናንተ ናችሁ የምትኖሩበት?» ብላ ጠየቀች። ሲስተር አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሰባት ወር ሙሉ ስንሰበሰብ በረንዳ ላይ ካሉት አንዳቸውንም ጠርተን አልጠየቅንም። መሐንዲሷ እስከ ወሩ መጨረሻ አሥራ ሁለቱም ራሳቸው ካልፈረሙ ሜዳው ለሌላ ይሰጣል አለች።

ጋሼ ፕላኑን ለዳኛዋ ዘረጋላት። አንድ በአንድ አየችው። «መስመሩ ቆንጆ ነው። አልኖርበትም» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ጋሼን ሁለት ቀን ምግብ እንቢ አለው።

«ምኑ ነው ያላማራት?» አለኝ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት እንጂ!»

«ጠየቅኳት። ብዙ ነው፣ ወረቀት ላይ ከየቱ እንደምጀምር አላውቅም አለችኝ።»

«እንግዲያው ከወረቀቱ አውጣላት!» ብዬ ጮኽኩበት።

እኔ በንዴት የወረወርኩትን እሱ ቁም ነገር አድርጎ ያዘው። ግንበኞች መሠረት ከመቆፈራቸው በፊት የቤቱን ቅርጽ መሬት ላይ በኖራ ያሰምሩ የለ? የድሮ ጓደኛውን ፎርማኑን ጠርቶ፣ ችካልና ሲባጎ ይዘው፣ በሁለት ቀን ውስጥ መንደሩን በሙሉ በልኩ ሜዳው ላይ አሰመሩት። ግድግዳው ነጭ መስመር ነው፣ በሩ ክፍተት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለቱም ከነወላጆቻቸው መጡ። እኛ እየተሳሳቅን ሜዳው ላይ ተበተንን። እነሱ ግን በሩን ፈልገው፣ በበሩ ገብተው፣ በኮሪደሩ ሄደው፣ ጥግ ሲደርሱ ታጠፉ። የአንዳቸውም ጫማ ኖራ አልነካም። እኔ ወሬ ይዤ ሳለሁ ዳኛዋ ከኋላዬ መጣች።

«አክስቴ፣ ግድግዳ ውስጥ ቆመሻል። ሲስተር ደግሞ የሰው ሽንት ቤት ውስጥ ናቸው።»

ሲስተር ደንግጠው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዘለሉ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ፤ ልጆቹም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ዳኛዋ ከቤቷ በር እስከ ዋናው መንገድ ሄዳ ተመለሰች።

«ዳቦ ልገዛ ስወጣ በአሥራ አንድ በር ፊት አልፋለሁ፤ ስመለስም አሥራ አንድ። ሃያ ሁለት ጊዜ ሰላም ከምል ዳቦው ይቅርብኝ» አለች።

ሰዓት ሠሪው የውሃ ፓምፑ ቦታ ላይ ቁጢጥ ብሎ «ይህ ከአልጋዬ ሁለት ሜትር ነው፤ ሲጮህ ሊያድር ነው» አለ። መላጣው አዳራሹ ጥግ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። «በሩ አንድ ብቻ ነው። ሲከብደኝ በሰው ሁሉ ፊት ነው የምወጣው?» አንዲት እናት «አዳራሹ ራሱ ይቅራ!» ሲሉ መላጣው ተቆጣ። «ለምን ይቀራል? ቼዝ እንጫወትበታለን። ደወሉ ነው የሚቀረው።» ደወል ሲባል አሥራ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ይቅር!» አሉ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

ጋሼ በአርባ አንድ ዓመት ሥራው ማንም መስመሩን እንዲነካበት ፈቅዶ አያውቅም። ያን ቀን ግን በገዛ ጫማው እየደመሰሰ፣ በጣሳ ኖራ እየበተነ እንደ አዲስ ያሰምራል። በሮቹ ወደየአቅጣጫቸው ዞሩ። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ መውጫ መንገድ ወጣለት። አዳራሹ ሁለተኛ በር አገኘ፤ ፓምፑም ወደ ሜዳው ጫፍ ተሰደደ። እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መስሎ እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኗል። አሥራ አንዱ በየተራ ፈረሙ። የቀረችው ዳኛዋ ናት፤ ቤቷ ውስጥ እንደቆመች ነው።

«አባዬ፣ የሁሉም ቤት ሁለት ክፍል ነው። የኔ ሦስት ነው። ይህ ምንድን ነው?»

«የእንግዳ ክፍል።»

«እንግዳ የለኝም።»

ጋሼ ኖራውን ከእጁ አራገፈ። ውሸት አይችልበትም፤ እሷ ፊት ደግሞ ጭራሽ። «የኔ ክፍል ነው። አጠገብሽ ልሁን ብዬ ነው» አላት።

«አንተ ቤት አለህ።»

«ብታመሚስ? እንደዚያን ቀን ዝም ብለሽ ብትጠብቂስ? ይህን እያሰብኩ ነው እኮ እንቅልፍ ያጣሁት!»

ዳኛዋ አባቷን ትኩር ብላ አየችው። ፍርሃቱን ለኔ እንጂ ለሷ በቃል ነግሯት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ስለሱ ነው እንዴ?» አለች። «እሱማ አልቋል። ከሰዓት ሠሪው ጋር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ‹አለሁ› እየተባባልን በስልክ እንላላካለን። አንዳችን ካልላክን ሌላው ይደውላል። ካልተነሳ መጥቶ ያንኳኳል። ሦስት ወራችን ነው።»

«ሁለት ሰዓት ከአንድ ላይ ነው የምደውለው» አለ ሰዓት ሠሪው ከማዶ። «አንዷ ደቂቃ ለስልኩ ስህተት ናት።»

«ሦስት ወር?» አለ ጋሼ።

«ባለፈው ጉሮሮዬን ሲያመኝ መድኃኒት ያመጣልኝ እሱ ነው። አንተ ስብሰባ ላይ ነበርክ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።»

ሲስተር ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። እኛ ሰባት ወር የተጨነቅንበትን፣ ሁለቱ በረንዳ ላይ ሻይ ሲጠጡ ጨርሰውት ተቀምጠዋል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጋሼ ሦስተኛዋን ክፍል አንድ ግድግዳ፣ ሁለት ግድግዳ እያለ በጫማው ደመሰሳት። ዳኛዋ እስኪጨርስ ጠብቃ «አሁን ልክ ነው» አለችና ፈረመች። ብዕሩን እየመለሰች «ቅዳሜ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ና። እስከ ስድስት መቆየት ትችላለህ» አለችው።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን።

«አላስፈለግኳትም እኮ» አለኝ መንገዱን ስናጋምስ።

ልቆጣው አፌን ስከፍት ቆም አለ። ኖራ በለበሰው ጉንጩ ላይ እንባው መስመር ሠርቶ ወርዷል። «አላስፈለግኳትም!» አለ እንደገና፤ አሁን ግን እየሳቀ፣ የሎተሪ ዕጣ እንደወጣለት ሰው እየጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ክንዱን ይዤ አብሬው ሳቅኩ።