ቀለም ያልገባበት ዘይት

መጋቢት 2012 ነበር። ቆይ፣ አይደለም። መጋቢት 2012 ሰው ገና ጭምብል ፍለጋ ይራወጥ ነበር። እኔ ደግሞ የሀፍሷን ዘይት መጀመሪያ ያሸተትኩት ጭምብሌን ከአፍንጫዬ ዝቅ አድርጌ ነው፣ ያውም ጭምብሉ ከታከተኝ በኋላ። ስለዚህ 2013 መሆን አለበት። ወሩንም ቢሆን አልምልበትም። ሽታውን ግን እምልበታለሁ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት የተቆፈረ ጓሮ ይሸታል። አባቴ ከሞተና ጓሮው ከተሸጠ ወዲህ እንደዚያ የሚሸት ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ሀፍሷ የስልጤ ሴት ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። ሲኒማ ራስ ጀርባ ሙናዊር የሚባሉ የኮስሞቲክስ ጅምላ ነጋዴ አሉ፤ እሳቸው ሱቅ በር ላይ አንዲት መደርደሪያ ተከራይታ ትሸጥ ነበር። መደርደሪያዋ ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«የካሮት ፍሬ ዘይት።»

«ካሮት? ቀለሙስ የት ሄደ?»

«ሥሩ ላይ ቀረ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «እጅሽን አምጪ። ጠመኔ ጨርሶታል፤ አስተማሪ ነሽ አይደል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ እየሄድኩ እገዛ ነበር። ግማሹ ለእጄ ነው፣ ግማሹ ለወሬዋ።

ካሮት በጊዜው ከተነቀለ አያፈራም። መሬት ውስጥ ትተውት ሲከርም ነው ግንዱ ከፍ ብሎ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነጭ አበባ የሚያወጣው፤ ፍሬው የሚገኘው ከዚያ ነው። ሆለታ አካባቢ አለሙ የሚባል ገበሬ ለእሷ ብሎ ሦስት ትልም ሳይነቅል ያስከርምላታል። ጎረቤቶቹ «ካሮቱን መንቀል የረሳው አለሙ» ይሉታል አሉ።

ዘይቱን የምታወጣበት መንገድ ደግሞ ለሰፈሯ መሳቂያ ሆኖ ነበር። አወጣጡን ያስተማሯት የግቢዋ ጎረቤት እትዬ እታገኝ ናቸው፤ የጎጃም ሴት ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አረቄ ያወጡ። ፍሬው ከውሃ ጋር ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ ሲያልፍ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በሲሪንጅ ትስበዋለች። ከአንድ ጆንያ ፍሬ የሚገኘው አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። አረቄ ያልነካው በርሜል ምናለሽ ተራ ሄዳ አሠርታለች። ቢሆንም «ሀፍሷ አረቄ ጀመረች» የሚል ወሬ ተነዛ። መስጊድ ደጃፍ ሁለት ሽማግሌዎች አስቁመው ጠየቋት።

«ኑ ቅመሱት» አለቻቸው። «ካሰከራችሁ ቅጡኝ። ካላሰከራችሁ ግን ፂማችሁን እቀባላችኋለሁ፤ ደርቋል።»

ዘይቱ እንዳለ ፊት ላይ አይደረግም፤ ጥቂት ጠብታ በሰሊጥ ዘይት ታቀጥነዋለች። ንጹሑን የምትሸጠው ለማሽተት ብቻ ነው። በበርበሬ ብናኝና በጩኸት ራሳቸውን የሚያማቸው የገበያ ሴቶች ሁለት ጠብታ ሙቅ ውሃ ላይ አድርገው ይታጠኑታል። «መድኃኒት ነው?» ሲሏት «አይደለም» ትላለች። «ቆዳ ያለሰልሳል፣ ሽታው ልብ ያሳርፋል። ከዚህ በላይ ብነግርሽ ዋሽቼሻለሁ።»

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስታ እያየች «ታቀላለች?» አለቻት።

«አታቀላም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«ፊትሽ ምን አደረገሽ?» አለች ሀፍሷ። «እስቲ ጥፋቱን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ስቃ ሄደች፣ ሳትገዛ። ሙናዊር ከውስጥ ሆነው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ።

መደርደሪያው ጥግ ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ክር የታሰረባት አንዲት ጠርሙስ ትቀመጥ ነበር። ልገዛት ስል እጄን ያዘችኝ። «እሷ የሪሃና ናት። አትሸጥም።» ታሪኩን የነገረችኝ ከወራት በኋላ ነው።

ሪሃና ታናሽ እህቷ ናት። ሀፍሷ ሥራውን ስትጀምር፣ አለሙንም እትዬ እታገኝንም ከማግኘቷ በፊት፣ ፍሬውን የገዛችው ከዘር መሸጫ ነበር፤ በቆርቆሮ የታሸገ፣ ለመዝራት የሚሆን። ፍሬው ቀይ ነበር። የካሮቱ ቅላት መሰላት። ሰሊጥ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ አቆየችው፤ ዘይቱም እንደ ብርቱካን ደመቀ። ግቢው በሙሉ አደነቀ። የሪሃና ኒካህ ሊታሰር አምስት ቀን ቀርቶት ነበርና እህቷ እንድታምር ፊቷን ራሷ ቀባቻት። ቀለሙ ለካ ዘሩን ነቀዝ እንዳይበላው የተቀባ መርዝ ነው። በማግስቱ የሪሃና ፊት አብጦ ቆዳው ተላጠ። በሠርጓ ቀን ከመሸፈኛዋ አልወጣችም፤ አንድ ፎቶ እንኳ የላትም።

«ከዚያ ወዲህ» አለችኝ ሀፍሷ፣ «ከእያንዳንዱ ጆንያ የመጀመሪያው ጠርሙስ የእሷ ነው። ቀለም የሌለው።»

ጠርሙሷን ሪሃና ትወስዳት እንደሆነ፣ ወይስ በየጊዜው እዚያው የማያት ያችው አንዷ ጠርሙስ እንደሆነች፣ ያን ዕለት አልጠየቅኩም። ሌላ ቀን እጠይቃለሁ ብዬ ተውኩት።

አምና ኅዳር ላይ ከክፍለ ሀገር የመጡ ነጋዴዎች ዘይቷን በካርቶን በካርቶን ሊወስዱ ከሙናዊር ጋር ተነጋገሩ። ችግራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ካሮት አይመስልም። እኔ ስደርስ ሙናዊር አንዷን ጠርሙስ ከፍተው ቀለም ጨምረውባት ለሀፍሷ በጣታቸው እያሳዩዋት ነበር። እውነትም ታምራለች፤ እንደ መብራት ታበራለች።

«እይው እንግዲህ!» አሉ። «ካሮት ማለት ይሄ ነው።»

«ካሮቱ ሥሩ ነው ጋሽ ሙናዊር። የእኔ ፍሬው ነው።»

«ሰው ይህን አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ ብታውቂ ማን ይገዛሻል? አትድረቂ ሀፍሷ! መደርደሪያዬን የማከራየው ለሚሸጥ ዕቃ ነው። ወይ ቀለም ታስገቢበታለሽ፣ ወይ ዛሬውኑ ትለቂያለሽ።»

የጎን ሱቆቹ ሁሉ ጆሯቸውን ሰጥተዋል። አንዱ ከወዲያ «እሺ በያቸው እንጂ፣ ቀለም ሰው አይገድል!» ብሎ ጮኸ። ሀፍሷ አልዞረችም። ብርቱካናማዋን ጠርሙስ ከሙናዊር እጅ በቀስታ ተቀበለች፣ ክዳኗን ከፈተችና መልሳ ዘረጋችላቸው።

«ናኢማ ውስጥ ናት አይደል?» አለች። ናኢማ የሙናዊር ልጅ ናት፤ ካሽ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። «ይጥሯት። እዚሁ ፊቷን ይቀቧት፣ እኔም ልይ። ከቀቧት ዛሬውኑ ሙሉውን ቀለም አስገባበታለሁ።»

ናኢማ አባቷን አየች። ሙናዊር ጠርሙሷን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ጠርሙሷን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ዕቃሽን አንሺ» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«አነሳለሁ» አለች። «እርስዎም አልደፈሩም፤ ሁሉም አይቷል።»

ጠርሙሶቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ደረደረቻቸው። ልርዳሽ ብላት እምቢ አለች፣ ተሸካሚም አልፈለገችም። ካርቶኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ አውቶቡስ ተራ ስትሄድ እኔ ከኋላዋ ቱስ ቱስ እል ነበር። መንገዱን በሙሉ ለብቻዋ ታወራለች፤ አለሙ ማሳው ጫፍ ላይ ጎጆ ሊሰጣት ነው፣ በርሜሏን እዚያው ትተክላለች፣ የፈለገ ሆለታ ድረስ ይምጣ፣ ያልፈለገ በብርቱካን ቀለም ይቀባ። «እጅሽን ግን አታድርቂ» አለችኝ በመሃሉ።

የሆለታው ሚኒባስ አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረው። ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ያኔ ነው ያየሁት፤ አረንጓዴ ክር ያላት ጠርሙስ ከሌሎቹ ጋር አልታሸገችም፣ በቀኝ እጇ ጨብጣታለች። ክሩ አዲስ ይሁን አሮጌ ለማየት ጠጋ አልኩ።

«ሀፍሷ፣ ሪሃና ግን ጠርሙሷን ትወስዳታለች?» አልኩ።

ሞተሩ ተነሳ። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ምን አልሽ?» የምትል መሰለኝ። ሚኒባሱ ታጥፎ ሄደ።